ጃምቦ፦ የአንድ ቃልና የአንድ ዝሆን ታሪክ

ከልደታ ፍርድ ቤት ወረድ ብሎ አንድ ድራፍት ቤት አለ። ከቀትር በኋላ የሚታደሙበት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዎቹ ከችሎት የወጡ ባለጉዳዮች ሲሆኑ፣ የተፈረደላቸውም የተፈረደባቸውም አንድ ጠረጴዛ ከብበው እኩል ይጠጣሉ። ሁለተኛዎቹ እኛ የሠፈሩ ሰዎች ነን። ክርክር በሁለቱም ዘንድ አይጠፋም። የእኛ ከእነሱ የሚለየው ቀጠሮ የማይሰጥበት በመሆኑ ብቻ ነው።

በቀደም ዕለት አንድ ወጣት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «አንድ ጃምቦ!» ሲል አዘዘ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት (የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ ነው የምላቸው) የያዙትን ብርጭቆ ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩትና፣ «ለመሆኑ ጃምቦ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የኬንያ ሰላምታ ነው ጋሼ» አለ ወጣቱ። «እንዴት ነህ ለማለት ‹ጃምቦ› ይላሉ።»

ከማዶ ፋይሉን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ባለጉዳይ አላስችል ብሎት ገባበት። «የለም፣ የለም። እንግሊዝኛ ነው። በጣም ትልቅ ማለት ነው። ጃምቦ ጄት ሲባል አልሰማህም?»

«ትልቅ ከሆነማ የዚህ ብርጭቆ ምኑ ነው ትልቅ?» አሉ ጋሼ። «ግማሹ እኮ አረፋ ነው!»

ሣቁ ሲበርድ እኔ ሳላስብ አንድ ነገር አመለጠኝ። «ጃምቦ የዝሆን ስም ነው፤ ያውም የኛው አካባቢ ዝሆን» አልኩ። ጋሼ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተም ጀመርክ? ሉሲ የኛ፣ ቡና የኛ፣ አሁን ደግሞ እንግሊዝኛውም የኛ ሊሆን ነው? በል በሚቀጥለው ሳምንት አስረዳና ሒሳቡ በእኔ ይሁን። ካላስረዳህ ግን የቤቱን ሰው ሁሉ ታጠጣለህ።»

የቤቱን ሰው ቆጠርኩት። ዐሥራ አራት ነበሩ። እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጻሕፍት ሳገላብጥ ሰነበትኩ።

ከወጣቱ ልጅ መልስ ልጀምር፤ ፈጽሞ ከንቱ አይደለምና። በስዋሂሊ «ጃምቦ» ማለት ነገር፣ ጉዳይ ማለት ነው። ቋንቋውን በወጉ የሚናገር ሰው ሲገናኝ «ሁጃምቦ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቃል በቃል «ነገር የለብህም ወይ?» ማለቱ ነው። መልሱም «ሲጃምቦ»፣ «ነገር የለብኝም» ይሆናል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ። ከልደታ ፍርድ ቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ ቢጠየቀው የሚገባው ሰላምታ ይህ አልነበረምን? ይሁን እንጂ በብርጭቋችን ላይ ያለው ቃል ከዚህ ሰላምታ በቀጥታ የመጣ አይደለም። በድራፍት ቤት ልማድ ትንሹ ብርጭቆ «ሲንግል»፣ ትልቁ «ጃምቦ» ተብሎ ነው የሚታዘዘው። ሁለቱም ቃላት ጎን ለጎን ከእንግሊዝኛ የገቡ ናቸው፤ ትርጉማቸውም የመጠን ነው። እንግዲህ ባለጉዳዩ ባለፋይል ግማሽ መንገድ አድርሶናል።

ቀሪው ግማሽ መንገድ ግን ረጅም ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ቃል ከየት አመጡት? እ.ኤ.አ. በ1823 የታተመ አንድ የለንደን የመንገድ ቋንቋ መዝገብ «ጃምቦ»ን ግዙፍና ገልጃጃ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ስም አድርጎ አስፍሮታል። ያ ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም። በጋምቢያ ወንዝ የተመላለሱ እንግሊዞች ከ1730ዎቹ ጀምሮ «መምቦ ጃምቦ» ስለሚባል፣ ጭምብል አጥልቆ በየመንደሩ ሴቶችን ስለሚያስፈራራ ቁመተ ረጅም ምስል ይጽፉ ነበር። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ የስዋሂሊውን «ጃምቦ» ወይም የመንደር ሹም ማለት የሆነውን «ጁምቤ» ይጠቅሳሉ። ኮንጎዎች ዝሆንን «ንዛምባ» ማለታቸውን የሚያነሡም አሉ።

የዘር ሐረጉ ምንም ይሁን ምን፣ እስከ 1860ዎቹ ድረስ ይህ ቃል የሰፈር ስድብ እንጂ ሌላ አልነበረም። ማንም ነጋዴ በሸቀጡ ላይ አይጽፈውም። «ግዙፍ» የሚለውን ትርጉም በዓለም ሁሉ ያስያዘለት አንድ ዝሆን ነው። ያ ዝሆን የተያዘበት አገር ደግሞ ከዚህ ከልደታ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ ሁመራ የሚወርድ ሰው ሊደርስበት የሚችል አካባቢ ነው።

ተከዜ ከላስታ ተነሥቶ ሰሜንን ዞሮ ወደ ቆላው ሲዘልቅ ስሙን ይለውጣል፤ ሰቲት ይባላል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በዚያ ቆላ ሐምራን የሚባሉ ዐረብኛ ተናጋሪ ዘላኖች ይኖሩ ነበር። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ የዓባይን ገባሮች ለማጥናት እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በዚያ ሲዘዋወር ከሐምራኖች ጋር አብሮ አድኗል። በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ሰቲትን፣ አንገረብንና ሰላምን እየጠቀሰ፣ የሐምራንን ዝሆን አዳኞች እንደ ጉድ ያወራላቸዋል። አዳኞቹ ጠመንጃ አልነበራቸውም። የሚያድኑት በፈረስና በሰይፍ ነበር። አንዱ በፈጣን ፈረስ ከዝሆኑ ፊት ቀርቦ ያስቆጣውና እንዲያባርረው ያደርጋል። ሁለት ሌሎች ከኋላ ይከተላሉ። ዝሆኑ በፊተኛው ላይ ልቡን ሲጥል፣ ከኋለኞቹ አንዱ ከሚጋልበው ፈረስ ዘሎ ይወርድና ሰይፉን በሁለት እጁ ይዞ የኋላ እግሩን ጅማት ይቆርጠዋል። ዝሆን በሦስት እግር መሮጥ አይችልምና ባለበት ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ደም እስኪያልቅ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቤከር በስም ከሚያመሰግናቸው አዳኞች አንዱ ጣሂር ሸሪፍ ነው። በዚያው ዓመት ገደማ ይኸው ሰው፣ ዮሐን ሽሚት ከተባለ ጀርመናዊ እንስሳ ሰብሳቢ ጋር ሆኖ፣ አንዲት እናት ዝሆን ተገድላ አንድ ግልገል ያዙ። ግልገሉ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር ይባላል። ለአዳኞች ትልቁ ዝሆን ጥርስ ነው፤ ግልገሉ ግን ጥርስ የለውምና ቀድሞ ዋጋ አልነበረውም። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ከተሞች የእንስሳ ማሳያ እየከፈቱ በመሆናቸው የግልገል ገበያ ተፈጠረ። እናቲቱ ለጥርሷ፣ ልጁ ለመታያ። አንድ አደን ሁለት ገበያ ማለት ነው።

ሎሬንዞ ካዛኖቫ የተባለ ጣሊያናዊ ነጋዴ ግልገሉን ገዝቶ በስዊዝ በኩል ሜዲትራኒያንን አሻግሮ ወደ ትሪየስት ወሰደው። ከዚያ በጀርመን አገር ለሚዘዋወር የእንስሳ ትርኢት ተሸጠ። ቀጥሎ ፓሪስ ገባ፤ ፓሪስ የዕፀዋት መናፈሻ በሚባለው ስፍራ ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያስታውሰው ቆየ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1865 ፓሪሶች ከለንደን አውራሪስ ፈልገው ኖሮ እሱን በለውጥ ሰጡት።

ለንደን የደረሰው ዝሆን ታላቅ አልነበረም። የከሳ፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ቆሞ መሄድ የተሳነው ሕመምተኛ ነበር። ማቲው ስኮት የተባለ ጠባቂ ሌት ተቀን አብሮት እያደረ አዳነው። «ጃምቦ» የሚለውን ስም ያወጡለት የለንደን ጠባቂዎቹ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ያን ጊዜ ቃሉ የሚታወቀው ገልጃጃ ለማለት እንደነበር ካስታወስን፣ ለዚያ ሰውነቱ ለተጎሳቆለ ግልገል የተሰጠው ስም ቁልምጫም ፌዝም የተቀላቀለበት ሳይሆን አልቀረም። እኛም ቤት ቀጫጫውን «ዝሆኑ» ብለን እንጠራ የለ?

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ልበል። ያ ግልገል ከቆላው በተወሰደበት ዘመን በደጋው ላይ የነበሩት ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ለንግሥት ቪክቶሪያ ያን ታዋቂ ደብዳቤ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1862 ነው። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ከሰቲት የተነሣው ግልገል ግን ለንደን ገብቶ የንግሥቲቱን ልጆች በጀርባው አዘለ። በኋላም የመልሱ መዘግየት ያመጣው ጣጣ ተባብሶ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ መድፎቹን ለማሸከም 44 ዝሆኖች ከህንድ አምጥቶ ነበር። ዝሆን ወደ ሞላበት አገር ዝሆን በመርከብ ጭኖ መምጣት! (ምክንያቱ አለ፤ የህንዶቹ የሠለጠኑ ነበሩ፣ የእኛዎቹን ያሠለጠነ አልነበረም።) እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ሲወድቅ ሠራዊቱ ይዞ ከተመለሰው አንዱ የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ልዑሉና ጃምቦ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ በዕድሜም አይራራቁም። ሁለቱም ወላጅ አልባ ሆነው እንግሊዝ አገር አደጉ። ልዑሉ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። ዝሆኑ በዚያ ጊዜ በለንደን የዝና ጫፍ ላይ ነበር።

ስለ ዝናው ብዙ ማውራት አያሻም። ሕፃናት በጀርባው ላይ በተጫነ ወንበር እየተሳፈሩ ይዞሩ ነበር፤ በኩንቢው ዳቦና ኬክ ይቀበላል። አደገ፤ አድጎ አድጎ በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ከታዩት እንስሳት ሁሉ በለጠ። ሆኖም ማታ ማታ በረቱን በጥርሱ እየመታ ያፈርስ ጀመር። አለቃው አብርሃም ባርትሌት ፈራ። እ.ኤ.አ. በ1882 መጀመሪያ ላይ ፒ. ቲ. ባርነም ለሚባለው አሜሪካዊ የሰርከስ ባለቤት በ2,000 ፓውንድ ሸጠው።

እንግሊዝ ታመሰች። ልጆች ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጋዜጦች ጮኹ፤ ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ክስ ተመሠረተ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። (ይህን ለባለጉዳዩ ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ። «ዝሆንም ቢሆን ባለገንዘብ ነው የሚረታው» አለ።) ዝሆኑ ራሱ ከግቢው ሊያወጡት ሲሞክሩ መንገድ ላይ ተንበርክኮ ተኛና አልነሣም አለ። ባርነም ይህን በሰማ ጊዜ እንደፈለገ ይተኛ፣ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም አለ ይባላል። አልተሳሳተም። ኒው ዮርክ ሲገባ ባርነም ያወጣውን ገንዘብ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መለሰ።

ቃሉ የተወለደው በእነዚህ ወራት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነጋዴዎች ሲጋራውን፣ ባርኔጣውን፣ ክራቫቱን፣ ማራገቢያውን «ጃምቦ» እያሉ መሸጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ማለታቸው «የዝሆኑ ዓይነት» ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዝሆኑ ከቃሉ ውስጥ ወጣና መጠኑ ብቻ ቀረ። ገልጃጃነቱም ከስድቡ ጋር ጠፋ። ዝሆኑ ሳይኖር ቃሉ በራሱ እግር መሄድ ቻለ።

ዝሆኑም ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1885 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ሴንት ቶማስ በምትባል ከተማ ትርኢቱ አልቆ ወደ ባቡር ሲወሰድ በሌላ ባቡር ተገጭቶ ሞተ። ዕድሜው 24 ነበር። ባርነም ትንሹን ዝሆን ሊያድን ራሱን መሥዋዕት አደረገ የሚል ወሬ አሰራጨ፤ ቲኬት ይሸጣልና። ሆዱ ሲከፈት ሳንቲሞች፣ ቁልፎችና የፖሊስ ፊሽካ ተገኙበት። ቁመቱ ሲለካ 3 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ባርነም 4 ሜትር ነው እያለ ነበር የሚያስተዋውቀው። እንግዲህ «ጃምቦ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ አረፋ ነበረበት ማለት ነው፤ ጋሼ ይህን ስነግራቸው ብርጭቋቸውን አሳዩኝ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቢቢሲ ባቀረበው አንድ ዘጋቢ ፊልም ባለሙያዎች ኒው ዮርክ ቤተ መዘክር የሚገኘውን አጽሙን መርምረውት ነበር። የመንጋጋ ጥርሶቹ ለስላሳ ነገር ሲበላ በመኖሩ ሳይፋቁ ተጣመው በቅለዋል። ጉልበቱና ዳሌው የሽማግሌ ያህል ተጎድተዋል፤ ሰው ሲያዝል የኖረ ነውና። ያ የሌሊት ቁጣ ለካ የጥርስ ሕመም ነበር። ጠባቂው ስኮት ሕመሙን ለማስታገሥ ያደርግ የነበረው ደግሞ መጠጥ ማጠጣት ነው። ውስኪ፣ ቢራ። ድራፍት ቤት ተቀምጠን ስንጠራው የኖርነው ስም ባለቤት ራሱ ጠጪ ሆኖ ተገኘ። ጠጪ ያደረጉት ግን ሰዎች ናቸው።

በቀጠሮው ቀን ይህን ሁሉ ስተርክ ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እንግዲያው ቃሉ የኛ ነው!» አሉ። ሳምንት ሙሉ ሲያሾፉብኝ የነበሩት ሰውዬ ናቸው እንዲህ የሚሉት። እኔ ደግሞ በተራዬ ተከላካይ ሆንኩ። ቃሉ የኛ አይደለም፤ የእንግሊዝ መንገድ የወለደው ነው፣ ምናልባትም የጋምቢያ። ሐምራኖችም ዐረብኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ መጻሕፍት የትውልድ አገሩን ሱዳን ይሉታል። ያን ጊዜ በዚያ ቆላ የተሰመረ ድንበር አልነበረም፤ ዝሆን ደግሞ ዛሬም ድንበር አያውቅም። የኛ ነው ልል የምደፍረው ወንዙን ነው፣ እሱንም በከፊል። «ሰቲትን ካመንክልኝ ይበቃኛል» አሉ ጋሼ።

«ታዲያ የኛ የምንለው ቃል ምንድን ነው?» ሲል ወጣቱ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔ «ግዙፍ» የሚለውን አነሣሁለት። ሥሩ ግእዝ ነው፣ «ገዝፈ»፦ ወፈረ፣ ደነደነ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አዘጋጅተውት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን የግእዝ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው እንደሚያየው፣ የዚህ ቃል ዘር ስለ ቁመት ሳይሆን ስለ ውፍረትና ስለ ድንዳኔ የሚናገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት «ግዙፍ»ን የሚያነጻጽሩት ከ«ትንሽ» ጋር አይደለም፤ ከ«ረቂቅ» ጋር ነው። ነፍስ ረቂቅ ናት፣ መልአክ ረቂቅ ነው፤ ሥጋ ግዙፍ ነው። የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ ቦታ የሚይዝ ሁሉ ግዙፍ ነው። በዚህ አነጋገር ትንኝም ግዙፍ ናት። ታላቅ መጠን ላለው ነገር ብቻ መጠሪያ የሆነው በአማርኛው ዘንድ ነው። እንግሊዝኛው ገልጃጃነትን ወደ ትልቅነት ሲለውጥ፣ አማርኛው ሥጋነትን ወደ ትልቅነት ለወጠ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ለአንባቢ ልተወው፤ እኔ ግን በትንኟ ተደስቻለሁ።

ዝሆንም ቢሆን በግእዝ የራሱ ስሞች አሉት፤ «ነጌ»ና «ሐርማዝ»። የዝሆን ጥርስ «ቀርነ ነጌ» ይባላል፣ የነጌ ቀንድ ማለት ነው። አክሱም በዚህ ቀንድ ነው የከበረችው። በ6ኛው መቶ ዘመን ከቢዛንታይን የተላከው ኖኖሱስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ 5,000 ያህል ዝሆኖች አንድ ሜዳ ላይ ሲግጡ አየሁ ይላል። የዚያው ዘመን ሰው የነበረው ነጋዴው ኮስማስ እንደጻፈው፣ የሀገሩ ሰዎች ዝሆን አያሠለጥኑም፤ ንጉሡ ለክብሩ አንድ ሁለት ሲፈልግ ግን በግልገልነታቸው ተይዘው ያድጋሉ። ጃምቦ ከመወሰዱ 1,300 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የየመኑ አብርሃ ወደ መካ ዘመተበት የሚባለው ዓመት ደግሞ በእስልምና ትውፊት «የዝሆኑ ዓመት» ተብሎ ይጠራል፤ ነቢዩ መሐመድ የተወለዱትም በዚያው ዓመት ነው ይባላል። ለዐረቦች የዓመት ስም ሆኖ ቀረ፣ ለእንግሊዞች የመጠን ስም።

ጋሼ ስለ ዝሆን ይህን ያህል ከሰሙ በኋላ ስለ አውሮፕላን ማውራት አማራቸው። መብታቸው ነው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በልደታው አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር ነው፤ ዛሬ «አሮጌው ኤርፖርት» የምንለው ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚህ ነበር፣ በሲ-47። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ጄት ለመግዛት ሲያስብ የልደታ ሜዳ አጠረ፤ በዚህ ምክንያት ቦሌ ተሠራ፣ አዲሱ ማኮብኮቢያም እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ላይ ሥራ ጀመረ። «ልደታ ለጄት አልበቃም» አሉ ጋሼ፣ አሁንም እንደተቀየሙ። «ቦሌ ጄቱን ወሰደ፣ ለኛ ድራፍቱን ተወልን።»

ቦይንግ 747 የተባለው ባለ ሁለት ደርብ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1969 ለሙከራ ሲነሣ ጋዜጠኞች «ጃምቦ ጄት» ካሉት ቆይተዋል። በጠቅላላው 1,574 ተሠርተው የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለደንበኛው ተሰጥቶ ምርቱ ተዘጋ። የቃሉ ዕድል እንግዲህ እንዲህ ነው። ከስድብ ወደ ዝሆን፣ ከዝሆን ወደ ሲጋራ፣ ከሲጋራ ወደ አውሮፕላን። ሜክሲኮ አካባቢ ለአሥርተ ዓመታት ቢራ ሲጠመቅባት በኖረችው አዲስ አበባ ደግሞ ወደ ብርጭቆ። እዚህ ሲደርስ መጠኑንም አጣ። ዛሬ «ጃምቦ» ሲባል ትልቅ ነው ብሎ የሚያስብ ጠጪ ያለ አይመስለኝም፤ አንድ ድራፍት ማለት ብቻ ሆኗል።

በሰቲት ዳር ግን ዝሆኖች አልጠፉም። በዚህ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ቃፍታ ሽራሮ አለ፤ በወዲያ በኩል የኤርትራ ጋሽ ባርካ። በምሥራቅ አፍሪካ ከቀሩት ዝሆኖች ሁሉ ወደ ሰሜን ርቀው የሚኖሩት እነዚህ ናቸው። ወንዙን እየተሻገሩ ይመላለሳሉ። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት የተቀሰቀሰው ጦርነት የተካሄደው በዚያው ምድር ላይ ነው። ስለ ጃምቦ በለንደንና በኒው ዮርክ የተጻፈውን መጽሐፍ ብዛት ሳይ፣ ዘመዶቹ ስለሆኑት ስለነዚህ ዝሆኖች ግን እኛ በአማርኛ ምን ያህል ጻፍን ብዬ መጽሐፍ መደርደሪያዬን ፈተሽኩ። አንድም አላገኘሁበትም። ጋሼ የሚያሾፉብኝ በዚህ ቢሆን ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

ሒሳቡን ከመክፈላቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሬሳውስ የት ደረሰ?»

አጽሙ ኒው ዮርክ እንደሆነ ነገርኳቸው። ልቡ ኮርኔል ለሚባል ዩኒቨርሲቲ ተሽጦ ነበር። ቆዳው በእንጨትና በብረት ላይ ተወጥሮ፣ ባርነም ለወዳጁ ለተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሰጥቶት፣ ተማሪዎች ለፈተና ሲሄዱ ኩንቢው ውስጥ ሳንቲም እየከተቱ ዕድል ይለምኑት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1975 ሕንጻው ተቃጠለ። በማግስቱ አንድ ሠራተኛ ከፍርስራሹ ውስጥ ከአመዱ ጥቂት ዘግኖ በባዶ የለውዝ ቅቤ ብልቃጥ ከተተው። ብልቃጡ እስከ ዛሬ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

«ብልቃጡ ምን ያህል ይይዛል?»

«400 ግራም ገደማ።»

ጋሼ ከፊታቸው ያለውን ብርጭቆ አዩትና በጣታቸው ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ከዚህ ያንሳላ» አሉ፤ ከዚያ አስተናጋጁን ጠርተው የሁላችንንም ከፈሉ።